ከወረታ በላይ የሚለበስ

ነሐሴ 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ ለቡሄ በተቀጠሩ ልብሶች ላይ አቀርቅሬ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ። አንዲት ወጣት ከአክስቷ ጋር ገባች። ከአሜሪካ ከመጣች አራተኛ ቀኗ ነበር። እጅጌ የሌለው ስስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ክፍት ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ፣ ሰመር ነው ብዬ እኮ ነው!» አለችኝ። ጋቢዬን ከወንበሬ ላይ አንስቼ ደረብኩላት። ልኳን ከመውሰዴ በፊት ሻይ አስመጣሁ።

ደብረ ታቦር ላይ ልብስ ስሰፋ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤቴ ጋፋት በኩል ስለሆነ ጠዋት በእግሬ ስመጣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበትን ስፍራ ሊያዩ የሚሄዱ እንግዶች ያጋጥሙኛል። በሐምሌና በነሐሴ ብዙዎቹ የዚህችን ልጅ ስህተት ለብሰው ነው የሚመጡት። እነሱ ካሉበት አገር ያ ወር ፀሐይ ነው፤ እኛ ጋ ጭጋግና ዝናብ። በጋችንም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ጥር ላይ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ገብቶኛል፦ በኛ አገር ለጉዞ የሚለብስ ሰው መጠየቅ ያለበት ወሩን ሳይሆን ከፍታውን ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ጣና ዳር ስስ ቀሚስ ያምራል፤ እኔም ብሄድ እለብሳለሁ። ከዚያ ተነስተው በፎገራ ሜዳ ወረታ ሲደርሱ ገና ሙቀት ነው። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ዳገቱን ሲይዙ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኛ አልፎ ወደ ጋይንት የሚሄድ ሰው ነፋስ መውጫን ያገኛል፤ ስሟ ራሱ ካፖርት ያዙ ይላል። ጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፍሉት ለእርሻ ብቻ አልነበረም፤ ለልብስም ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ለጉዞ ሙሉ ልብስ አዘዘኝ። እኔም የደብረ ታቦርን ብርድ ብቻ እያሰብኩ ወፍራም ጨርቅ መርጬ ሙሉ ገበር አስገባሁበት። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። ለካ መንገዱ ወደ ቆላው መተማ ኖሯል። ሲመለስ ምንም አልተቆጣኝም፤ ኮቱን ግን መንገዱን ሁሉ በክንዱ እንደተሸከመው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሜትሬን ከማንሳቴ በፊት «ወዴት ነው መንገድዎ?» እላለሁ።

ልጅቷም ከኛ ጋር ቡሄን ውላ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። አንድ ትልቅ ሻንጣ ሙሉ ልብስ አምጥታለች፤ አክስቷ ስትቆጥረው አሥራ አራት ቀሚስ። እርስ በርሱ የሚደራረብ ግን አንድም የለም። እያንዳንዱ ለብቻው እንዲታይ የተገዛ ነው። ለጉዞ የሚሆን ልብስ ግን አንዱ በሌላው ላይ ሲወጣ የሚያምር ነው፤ ቆላ ሲወርዱ ይወልቃል፣ ደጋ ሲወጡ ይደረባል፤ ሲወልቅም ሲደረብም የለበሰችው ሴት ቆንጆ ትሆናለች።

ስለዚህ አስቀድሞ ታጥቦ ከደረቀ ፈትል አንድ ቀሚስ እንሥራ አልኳት፤ እጅጌው ከክርን በታች የሚደርስ፣ ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለ። በነሐሴ ጭቃ መሬት የሚጠርግ ነጭ ቀሚስ የደብረ ታቦር ኢየሱስን አቀበት ሳይጨርስ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል። ሽፎን ፈልጋ ነበር። ሽፎን ሲወርድ ያምራል፣ አልክድም፤ ግን ላብ አይጠጣም፣ ብርድም አይከላከልም፤ በላዩ በማሽን የታተመው ጥለትም የሸማኔን እጅ ሊተካ አይችልም።

ቀለሙ ላይ ብዙ ቆየን፤ እኔ የሥራዬን ግማሽ የምወደው እዚህ ላይ ነው። የመረጠችው ጥለት ወይን ጠጅ፣ ወርቅማና ትንሽ አረንጓዴ ነበረው። ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ወርቅማው ይሮጣል። እኔ ግን ከላይ ለሚደረበው ሹራብ ከጥለቱ ውስጥ ዝም ያለውን ቀለም እመርጣለሁ፤ ወይን ጠጁን ወሰድን። ሹራቡ የበግ ሱፍ እንዲሆን አጥብቄ ነገርኳት። ጥጥ ዝናብ ከነካው ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። የጉና ዳር ሰዎች ከሱፍ የተሠሩ ባና እና በርኖስ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጫማ ከሻንጣዋ ውስጥ ቡናማ ቦት አገኘን፤ ቀሚሱን ያሳጠርኩትም ቦቱ እንዲታይ ጭምር ነው።

ከላይ ኩታ። ከየትኛውም አገር ካፖርት ጋር አወዳድሩት ብትሉኝ ለመንገድ ኩታን የሚያክል አላገኘሁም። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ጥላ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ክብር። ልጅቷ ኩታውን ስትሞክር ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው፤ እንደ ሻርፕ። አክስቷ ደንግጣ እጇን ያዘቻት። እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። «ልጄ፣ ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ» ብዬ አስተካከልኩላት። ውጭ አገር ያላችሁ እናቶች ይህን ለልጆቻችሁ አስተምሩልኝ። አለባበሱ ይናገራል፤ የሚናገረውን ሳያውቁ መልበስ ጥሩ አይደለም።

ስለ ጥልፉ ስናወራ አንድ ፎቶ በስልኬ አሳየኋት። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ አሁን ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጨርቁ ጥጥ ነው፤ ጥልፉ የሐር ክር። ጥልፉን ፎቶውን እያሰፋሁ ስንት ሌሊት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እንደ ሰፊ ስገምተው፣ ያ ጥልፍ ደረትና እጅጌ ላይ የበዛው ከላይ ኩታ ቢደረብም እንዲታይ ነው። የደጋ ሴት ጌጧን የምታስቀምጠው መደረቢያዋ በማይሸፍነው ቦታ ነው። እኔም የልጅቷን ጥልፍ እጅጌዋ ጫፍ ላይ አደረግኩት። ቀሚሱ አገሩ ተመልሶ በጨርቁ ላይ ጣቴን ባሳርፍ ምኞቴ ነው።

ጨርቁን ከየት ልግዛ ለሚሉኝ፣ ከወረታ ወደኛ ስትመጡ ዓለም በር አካባቢ አውራ አምባ አለ። እዚያ ወንዱም ሴቱም ይሸምናል። ቆም ብላችሁ ጨርቁን በእጃችሁ ዳስሱት፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ የድሩንና የማጉን ጥብቀት እዩ። ጥሩ ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ እንኳ ትከሻ ላይ አይከብድም።

የቡሄ ዕለት ልጅቷን ከሩቅ አየኋት። ችቦው በርቶ ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ እሷ ኩታዋን አጣፍታ ከአክስቷ ጋር ሙልሙል ይዛ ትሄዳለች። አሥራ ሦስቱ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ እንደቀሩ ኋላ ነገረችኝ።

ለሚመጣው ቡሄ የምታስቡ፣ ጨርቃችሁን ከነሐሴ በፊት አድርሱልኝ። ፈትል ሳይታጠብ ከተቆረጠ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና አጥቤ ማድረቅ አለብኝ፤ በክረምት ደብረ ታቦር ላይ ጨርቅ ለመድረቅ ሦስት ቀን ይፈጃል።