ምላጭ፣ ውሃና ጺም፦ የመላጨት ፊዚክስ

ጺም መላጨት ብዙ ወጣቶች ያለ አስተማሪ የሚጀምሩት ተግባር ነው። ፊትን በጥድፊያ ማርጠብ፣ ሳሙና ቀባ ቀባ ማድረግ፣ ከዚያም ምላጩን ተጭኖ መሳብ የተለመደ ነው። ውጤቱ የሚያቃጥል ቆዳ፣ እዚህም እዚያም የሚደማ ጭረት፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም በአንገትና በአገጭ ላይ የሚወጡ እብጠቶች ይሆናሉ። ለዚህም ምላጩ ይወቀሳል፤ በመሆኑም ስለቱ የበዛና ዋጋው የናረ መላጫ ይገዛል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በፊዚክስ ዓይን ስንመረምረው፣ ችግሩ በአመዛኙ ከእጃችን ጫና እንደሚመነጭ፣ እጃችንም የሚጫነው ውሃና ጊዜ ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ስላልሠሩ መሆኑን እናሳያለን።

የውሃው ድርሻ

ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የኬራቲን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ከሚያያዙባቸው መንገዶች ሁለቱን እንጥቀስ። አንደኛው በድኝ አቶሞች መካከል የሚፈጠረው ጠንካራ ትስስር ሲሆን ሁለተኛው ደካማው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ውሃ የመጀመሪያውን አይነካም፤ ሁለተኛውን ግን ይፈታዋል። ፀጉር በውሃ ሲነከር ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማ የሚሆን ውሃ ይመጣል፤ ውፍረቱም በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንዲህ የራሰ ፀጉር ለመቆረጥ የሚጠይቀው ኃይል ደረቁ ከሚጠይቀው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ሆኖም ውሃው ወደ ፀጉሩ የሚዘልቀው ቀስ በቀስ በመስረግ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀት ይህን ሂደት ያፈጥነዋል፤ በፀጉሩ ላይ ያለው የተፈጥሮ ቅባት ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ፊትን በሳሙና ታጥቦ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ቀጥሎም ጺሙን ለብ ባለ ውሃ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማራስ ይገባል። ገላን ከታጠቡ በኋላ መላጨት የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

አረፋ ለምን ያስፈልጋል?

ውሃ ብቻውን ከፊት ላይ ይፈሳል፤ የቀረውም ይተናል። አረፋ ውሃውን በጺሙ ዙሪያ አግዶ ያቆየዋል፤ በምላጩና በቆዳው መካከልም ገብቶ ሰበቃን ይቀንሳል። ጥሩ አረፋ ሳይነኩት እንደ ጠጣር በቦታው ይቆያል፤ ምላጭ ሲገፋው ግን እንደ ፈሳሽ ይሸሻል። ፊኛዎቹ ትልልቅና ቶሎ የሚፈነዱ ከሆኑ ውሃው በዝቷል ወይም ሳሙናው አንሷል ማለት ነው። በብሩሽ ደጋግሞ በማሸት ፊኛዎቹን ማድቀቅ ይቻላል።

አረፋ አልነሣ ካለ ውሃውንም መጠርጠር ተገቢ ነው። እንደ ድሬዳዋና መቐለ ባሉ የኖራ ድንጋይ በሚበዛባቸው አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። እነዚህ ከሳሙና ጋር ተዋህደው የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራሉ፤ ሳሙናውም በከንቱ ያልቃል። አንባቢ ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። በሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች የዝናብ ውሃና የጉድጓድ ውሃ በእኩል መጠን ጨምሮ፣ እኩል ሳሙና አክሎ ቢበጠብጣቸው የአረፋቸው ልዩነት በግልጽ ይታያል።

የስለቱ ግፊት

ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት መሆኑን ተማሪዎች ሁሉ ያውቃሉ። 80 ግራም የሚመዝን መላጫ 0.8 ኒውተን ገደማ ክብደት አለው። አብዛኛውን ክብደት የመላጫው መከለያ ስለሚሸከም፣ በስለቱ ላይ የሚያርፈው አንድ አሥረኛው ማለትም 0.08 ኒውተን ብቻ ነው እንበል። የስለቱን ርዝመት 4 ሴንቲ ሜትር፣ የጫፉን ስፋት ደግሞ 100 ናኖ ሜትር ብንወስድ ግፊቱ 20 ሚሊዮን ፓስካል ይሆናል። ይህም ከባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 200 ጊዜ ያህል ይበልጣል! የመላጫው ክብደት ብቻውን ይህን ያህል ከሠራ የእጃችን ጫና ለምን ያስፈልጋል?

ስለቱ ሲዶለዱም ግን የጫፉ ስፋት ይጨምራል። አሥር እጥፍ ቢሰፋ ግፊቱ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል፤ ሰውም ሳያውቀው መጫን ይጀምራል። በተጫኑት ቁጥር ለስላሳው ቆዳ በስለቱ ፊት ይጎብጣል፤ የሚቆረጠውም እርሱ ይሆናል።

ከፀጉር 50 እጥፍ ያህል የሚጠነክረው አረብ ብረት እንዴት በፀጉር ይጎዳል? እ.ኤ.አ. በ2020 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ጄም ታሳንና ባልደረቦቻቸው ምላጭ ፀጉር ሲቆርጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተዋል። እንዳገኙትም ስለቱ ቀስ በቀስ ከመሞረድ ይልቅ በጥቃቅን ስብርባሪ ይጎዳል። ፀጉሩ ሲታጠፍና የብረቱ ውስጣዊ አወቃቀር ወጥ ሳይሆን ሲቀር፣ ጭንቀቱ በአንድ ነጥብ ተከማችቶ ስለቱን ይሸርፈዋል። ስለዚህ መጎተት የጀመረ ምላጭ በመጫን አይታደስም፤ መለወጥ አለበት።

የእጅ አካሄድም ልብ ሊባል ይገባዋል። ቲማቲም በቢላ ሲቆረጥ ቢላውን እየሳቡ መቁረጥ ቀጥ ብሎ ከመጫን ይልቅ ይቀላል። ቆዳም ለስላሳ ስለሆነ ምላጩ ወደ ጎን ከተንሸራተተ በቀላሉ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ምላጩ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ዘዌ ሠርቶ፣ በአጫጭር ምት፣ ከስለቱ ጋር ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ብቻ መሄድ አለበት።

ለጥቅልል ፀጉር አንድ ስለት

ባለ ብዙ ስለት መላጫዎች የሚመኩበት ዘዴ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ስለት ፀጉሩን ስቦ ያወጣዋል፤ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሁለተኛው ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጫፍ ከዚያ ከቆዳ በታች ይሰምጣል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው በዚህ እምብዛም አይጎዳም። ፀጉሩ ጥቅልል የሆነ ሰው ግን፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነንና፣ የሾለው ጫፍ ሲያድግ ተጠምዝዞ የገዛ ቆዳውን ይወጋዋል። ከላይ የጠቀስናቸው እብጠቶች የሚመጡት ከዚህ ነው፤ ሲደጋገሙም ቆዳን ያጠቁራሉ፣ ጠባሳም ይተዋሉ።

እንዲህ ላለ ሰው፣ ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ካገኘበት ምላጭ የወረደው፣ ዛሬም በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ምላጭ ከውዱ ይሻለዋል። በሁለት በኩል የተሳለ ቢሆንም በአንድ ምት የሚቆርጠው በአንዱ ስለት ብቻ ነውና። ቆዳን ሳይወጥሩ፣ ጺሙ በሚያድግበት አቅጣጫ፣ ሳይደጋግሙ መላጨት ያስፈልጋል። በመዳፍ ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር ማለቱ ጉድለት አይደለም፤ የፀጉሩ ጫፍ ከቆዳ በላይ መቅረቱን ያመለክታል። እብጠቱ ከበረታ ለጊዜው መላጨትን ማቆምና ሐኪም ማማከር ይገባል።

በመጨረሻም ምላጭ የግል ዕቃ መሆኑን እናሳስባለን። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ነገር ላይ እንኳ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት ተላላፊ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በማደሪያ ክፍል ምላጭ መዋዋስ ወዳጅነት አይደለም። ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ስንሄድም ምላጩ በፊታችን ከአዲስ እሽግ እንዲወጣ እንጠይቅ። ያገለገለውንም ቆሻሻ የሚያነሣው ሰው እጅ እንዳይቆርጥ በቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅመን እንጣል።