ማንታን የሚጎዳው ስሌት

ከሻርክ ጋር የሚዛመደው ማንታ ሬይ አጥንት የለውም፤ አካሉን ደግፎ የያዘው ልም አጥንት ነው። የውቅያኖስ ማንታ የሚባለው ዝርያ ክንፎቹን ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። የሚመገበው ግን ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን ሕይወታውያንን ነው። አፉን ከፍቶ ይዋኛል፤ ውሃው በስንጥቡ በኩል አልፎ ሲወጣ ምግቡ ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። ይህ የስንጥብ ክፍል እንደ ወንፊት ይሠራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ወንፊት ግን ይደፈናል፣ ከቀዳዳው ያነሰውንም ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሌላ አሠራር አሳይቷል። በስንጥቡ ላይ የተደረደሩት ቅጠል መሰል አካላት በመካከላቸው ጥቃቅን አዙሪቶችን ይፈጥራሉ፤ የፕላንክተኑ ቅንጣት ከቅጠሉ ጋር ተጋጭቶ እየነጠረ ወደ ጉሮሮ ሲያመራ፣ ውሃው በቀዳዳው ይወጣል። ከቀዳዳው የሚያንሰው ቅንጣት ሳይቀር የሚያዘው በዚህ መንገድ ነው። መሐንዲሶችም የማይደፈን የውሃ ማጣሪያ ለመሥራት ይህን አካል ማጥናት ጀምረዋል።

ማንታንና የቅርብ ዘመዶቹን ዴቪል ሬዮችን ለገበያ የዳረጋቸውም ይኸው አካል ነው። የደረቀው የስንጥብ ቅጠል በደቡብ ቻይና፣ በተለይም በጓንግዡ ከተማ፣ ጤናን ያጠነክራል በሚል ለሾርባ ይሸጣል። ፈዋሽነቱን የሚያረጋግጥ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም። ያም ሆኖ ለዓሦቹ መመናመን ምክንያቱ የሾርባ ገበያው ብቻ ነው ማለት ነገሩን ማቅለል ይመስለኛል። ገበያው ነገ ቢዘጋ እንኳ እነዚህ ዓሦች አደጋ ላይ ይቆያሉ፤ ምክንያቱ ያለው በራሳቸው የመራባት ሥርዓት ውስጥ ነው።

ሴቷ ማንታ በአንድ እርግዝና ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። እርግዝናው አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል። እንግዴ ልጅ ስለሌለ፣ ጽንሱ ከተፈለፈለ በኋላ የሚያድገው የእናቱ ማህፀን በሚያመነጨው ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ከወሊድ በኋላ ደግሞ እናቲቱ እንደገና እስክታረግዝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ማንታ ከ40 ዓመት በላይ መኖር ስለሚችል፣ ተፈጥሮ ሒሳቡን ያመጣጠነችው በዕድሜ ርዝመት ነው። አዋቂዋ በሰላም ከኖረች ጥቂቶቹ ልጆች ዘሩን ለማስቀጠል ይበቃሉ፤ መሀል ላይ ከተያዘች ግን የሚተካት የለም። በጫሞ ሐይቅ የሚጠመደው ነጭ ዓሣ በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ሊጥል ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ ከልክ ባለፈ ማስገር ተጎድቷል። እንቁላሉን በሚሊዮን የሚቆጥረው ካልቻለ፣ በየጥቂት ዓመቱ አንድ የሚወልደው መረቡን ይቋቋማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ለማንታ "መጠነኛ ማስገር" የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ እንጂ በባሕር ላይ የሚሠራ አይመስለኝም።

ውቅያኖሱ ሰፊ ነው፣ እዚህ ቢያልቅ ከሌላ ስፍራ ይመጣል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። በከፊል እውነት አለው፤ የውቅያኖስ ማንታ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ከዴቪል ሬዮች አንዱ ዝርያም ወደ 2,000 ሜትር ጥልቀት ሲጠልቅ ተመዝግቧል። የኮራል ሪፍ ማንታ ግን አገሩን የሚወድ ፍጥረት ነው። በእያንዳንዱ ማንታ ሆድ ላይ ያለው የነጠብጣብ ቅርጽ ከሌላው ስለሚለይ፣ ተመራማሪዎች በፎቶግራፍ ብቻ አንዱን ከሌላው ይለያሉ። በዚህ ዘዴ በተደረገው ክትትል ያው ማንታ ጥቃቅን ዓሦች ገላውን ወደሚያጸዱለት ያው ስፍራ ለዓመታት ሲመላለስ ታይቷል። የአንድ ባሕር ዳርቻ ማንታዎች ካለቁ ጎረቤት ፈጥኖ አይተካቸውም ማለት ነው። በሞዛምቢክ ኢንሃምባኔ አካባቢ ከ2003 እስከ 2011 ድረስ የሪፍ ማንታ የመታየት መጠን በ88 በመቶ ቀንሷል። በጎረቤታችን ሱዳን የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ ማንታዎች የሚሰበሰቡበት ስፍራ ነው፤ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ለዚህ ዓይነቱ ዓሣ ትልቅ ትርጉም አለው።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የሚመጣው ከዓሣ አጥማጁ ነው። በኢንዶኔዥያ የላማኬራ መንደር ሰዎች ማንታን ሲያድኑ የኖሩት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ነው፤ መንግሥት በ2014 በመላ አገሪቱ ማንታ ማጥመድን ሲከለክል የተነካው የእነሱ ጓዳ ነው። የጥበቃ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚመልሱት በገንዘብ ስሌት ነው። በ2013 የታተመ ጥናት የማንታ ቱሪዝም በዓለም ላይ በዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያንቀሳቅስ ገምቷል፤ የስንጥቡ ንግድ ግን 5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ይህ መከራከሪያ የሚመስለውን ያህል አያሳምነኝም። የቱሪዝሙ ገንዘብ የሚገባው ለሆቴሉና ለጠላቂ አስጎብኚው ነው፤ መረብ የሚጥለው ሰው ኪስ ድረስ ስለመድረሱ ዋስትና የለም። የተሻለው መልስ ሌላ ነው፦ በላማኬራ ክልከላው ከመምጣቱ በፊትም የሚያዘው ማንታ በእጅጉ አሽቆልቁሎ ነበር። ሕጉ ባይወጣም ያ መተዳደሪያ ወደ ማለቁ እየተጓዘ ነበር፤ ስለዚህ ክልከላውን ሌላ ገቢ ከሚያስገኝ ሥራ ጋር ማያያዝ የመንግሥት ዕዳ ነው።

ጥበቃ ውጤት እንደሚያመጣ ደግሞ እዚያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ማስረጃ አለ። በራጃ አምፓት ደሴቶች ከ2009 እስከ 2019 በተደረገ ክትትል የሪፍ ማንታ ቁጥር ጨምሯል። ተመራማሪዎቹ ዕድገቱን ያያያዙት ከጥበቃው ጋር ብቻ ሳይሆን በኤልኒኖ ወቅት ከበዛው ምግብም ጋር ነው። ጥንቃቄያቸው ተገቢ ነው፤ ቢሆንም አዋቂዎቹ በሕይወት ባይቆዩ ኖሮ የበዛው ፕላንክተን ማንን ይመግብ ነበር?

ሕጉ በተወሰነ ደረጃ ቀድሞ ሄዷል። ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ማንታን በ2013፣ ዴቪል ሬዮችን በ2016 በቁጥጥሩ ሥር አስገብቷል። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽንም በ2019 እነዚህን ዓሦች ይዞ ማስቀረትን የሚከለክል ውሳኔ አሳልፏል። ይሁንና መረብ ማንታን ከቱና ለይቶ አይይዝም። ወደ መርከቡ ወለል ወጥቶ፣ በራሱ ክብደት ተጭኖና ቆስሎ የተጣለ ማንታ በመዝገብ ላይ "ተለቀቀ" ቢባልም ሊሞት ይችላል። ለትልልቆቹ የቱና መርከቦች መፍትሔው ብዙ ምርምር የሚጠይቅ አይደለም። ከዓሣው ማራገፊያ በላይ የሚገጠም ፍርግርግ ቱናው ወደ ታች ሲያልፍ ማንታውን ከላይ ያስቀረዋል፤ ከዚያ በክሬን አንስቶ በፍጥነት ወደ ባሕር መመለስ ይቻላል። በትንንሽ ጀልባዎች የሚዘረጋው መረብ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የሚያስፈልገው ማንታዎች በሚሰበሰቡበት ስፍራና ወቅት መረብ አለመጣል ነው። ይህም የሚሆነው ዓሣ አጥማጁ ለዚያ ጊዜ የሚበላው ሲኖረው ነው። የቱና ኮሚሽኖቹ ፍርግርጉን በየመርከቡ ግዴታ ያድርጉት፤ መንግሥታትም መረቡ በማይጣልባቸው ወራት ለአጥማጁ የሚከፈለውን ካሳ በበጀታቸው ይያዙ።