በመተማ ቆላ ቤት የሚሠራ ሰው ምን ይወቅ?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ጭልጋ ላይ ተከናንቦት የነበረውን ጋቢ ነጋዴ ባሕር ላይ ያጥፈዋል፤ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ድልድይ ያያል። ከድልድዩ ወዲህ መተማ፣ ከድልድዩ ወዲያ የሱዳኗ ገላባት ናት።

መተማ ባሕር የላትም፤ ሥራዋ ግን የወደብ ሥራ ነው። ዕቃ ይገባባታል፣ ዕቃ ይወጣባታል፣ እንግዳ ያድርባታል። እንዲህ ባለች ከተማ የቤት ዋጋ የሚመጣው ከግድግዳው አይደለም፤ ከመንገዱና ከበሩ መከፈት ነው። ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢረዳ ይጠቀማል።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙባት ዝነኛ ገበያ ነበረች። ከዳርፉር በኩል መጥተው የሰፈሩት ተክሩሮች ይኖሩባት ነበር፤ ቡናና ሰም ይሸጥባት ነበር፤ ለዚያ ዘመን ኀፍረት የሆነው የባሪያ ንግድም አልቀረባትም። ኋላ ግን ጦርነት መጣ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚሁ ስፍራ ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ፤ ከተማዪቱም ስማቸውን ይዛ ቀረች። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች በገላባትና በመተማ በሰፈረው የጣሊያን ጦር ላይ አደጋ ጣሉ። ገበያ ያቆመውን ቤት ጦርነት ሲበትነው ይህች አገር አይታለች።

በእኛ ዘመን ቆላውን እንደገና ያሳደገው ሰሊጥ ነው። ጥጥና ማሽላም ይመረታሉ፤ ገንዘብ የሚያመጣው ግን ሰሊጥ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሰሊጥ መረከቢያ መጋዘን እዚያው ከፈተ፤ ባንኮችም ተከተሉ። በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ሲከፋፈል ምዕራብ ጎንደር ራሱን ችሎ ዞን ሆነ፤ ገንዳ ውሃም ዋና ከተማው ሆነች። ዞን ሲመጣ መሥሪያ ቤት ይመጣል፤ መሥሪያ ቤት ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ደግሞ ማደሪያ ይሻል።

አንድ ወጣት ጸሓፊ ወደ ገንዳ ውሃ ተመደበ እንበል። በሰኔ ደርሶ አንዲት ክፍል በመጠነኛ ኪራይ ያገኛል። መስከረም ጠብቶ ሰሊጡ ሲደርስ ከደጋው የቀን ሠራተኛው ይጎርፋል፤ ነጋዴው፣ ደላላውና የጭነት መኪና ነጂው ይከተላሉ። አንድ ማለዳ የቤቱ ባለቤት ከደጁ ቆመው፣ «ልጄ፣ ቤቱን ነጋዴ ፈልጎታል፤ እሱ የሚሰጠኝን ያህል ጨምርልኝ፤ ካልሆነልህም ወሩ ሲያልቅ ልቀቅልኝ» ይሉታል። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ እማማ፣ ጥቂት ቀን ይስጡኝ» ይላል። እሳቸውን መውቀስ ያስቸግራል፤ የዓመቱን ገቢ የሚጠብቁት ከእነዚህ ጥቂት ወራት ነው። የመንግሥት ደመወዝ ግን በጥቅምትም ያው የሰኔው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ተከራይ ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል። ሆኖም ጸሓፊያችን፣ «የራሴን ጎጆ ብሠራስ?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚገዛው ምን እንደ ሆነ ይወቅ። የከተማ ቦታ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጽንቷል። ስለዚህ «ቦታ ልሽጥልህ» የሚል ደላላ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነውን ነው። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ቦታው በሊዝ ይያዛል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ 70 ዓመት ሰጠ፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ ዐሥር እንዳያንስ ወሰነ። ቤቱን እስከ ግማሽ እንኳ ሳያደርስ ቦታውን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰውም ከዋጋው ጭማሪ ጥቂቱን ብቻ እንዲወስድ አደረገ። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ቦታ የሚሰጠው እንዲሠራበት እንጂ ታጥሮ ዋጋ እንዲጠበቅበት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የሚሠራበትን አፈር ይወቅ። የቆላው ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ግንብ አብሮት ይሰነጠቃል። ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ጣራ በቀትር ሰው እንደ ዳቦ ይጋግራል፤ ስለዚህ ኮርኒስ፣ ሰፊ በረንዳና የደጅ ዛፍ እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጠሩ አይገባም። ወባ ባለበት አገር መስኮቱ ወንፊት ሽቦ ይሻል።

ሦስተኛውና ዋናው የድንበሩ ነገር ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኛው በመተማ በኩል ጎረፈ፤ ማደሪያ ፈላጊውም በአንድ ጊዜ በዛ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ግን በአካባቢው በነበረው ውጊያ የተነሣ ድንበሩ ተዘጋ። ያው ድልድይ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሰው አጥለቀለቀ፣ ደግሞም ጭር አለ። ለኪራይ ብሎ ተበድሮ የሠራ ሰው በተዘጋው ጊዜ ከባዶ ክፍልና ከዕዳ ጋር ይፋጠጣል፤ ለመኖሪያው የሠራ ግን ቢያንስ ጣራው አለለት። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ከባልደረቦቹ ጋር በቤት ሥራ ማኅበር ይደራጅ፤ ደላላን ሳይሆን ማዘጋጃ ቤትን ይጠይቅ፤ በሰሊጥ ወር ዋጋ ሳይሆን በደመወዙ ልክ ያቅድ። ማዘጋጃ ቤቱም ውሃውንና መንገዱን ከቤቱ ያስቀድም። ያን ጊዜ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ!» ሲል፣ ባለቤቱ «እንቦሳ እሰሩ!» ብሎ የሚመልሰው በሙሉ ልቡ ይሆናል።