የፌንስታንተን የሮማ ዘመን መቃብሮች

የፌንስታንተን መቃብሮች በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬምብሪጅሸር አውራጃ ፌንስታንተን በተባለች መንደር የተገኙ የሮማ ዘመን የቀብር ቦታዎች ናቸው። የተገኙት እ.ኤ.አ. በ2017 መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩበት በታሰበ መሬት ላይ፣ ከግንባታው አስቀድሞ በተደረገ ቁፋሮ ነው። ቦታው ይበልጥ የታወቀው ተረከዙ በሚስማር የተቸነከረ ሰው አጽም ስለወጣበት ነው።

ሮማውያን ብሪታንያን እ.ኤ.አ. ከ43 እስከ 410 ገደማ ገዝተዋል። በዚያ ዘመን ከካምብሪጅ ወደ ጎድማንችስተር በሚወስደው የሮማውያን መንገድ ዳር አንድ ሰፈር ነበረ። ዛሬ ከመሬት በላይ የቀረ ነገር የለም። በእንግሊዝ ገጠር እንዲህ ያሉ የተቀበሩ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ የሚታወቁት ዝናብ ባጠረበት በጋ ከአየር ላይ ነው። የጥንት ቦይ በነበረበት ቦታ አፈሩ ጥልቅና እርጥብ ስለሆነ ሰብሉ ረዝሞ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ የግንብ መሠረት ባለበት ግን ሥሩ ስለማይወርድ ቶሎ ይደርቃል። በ1928 በኖርፎክ፣ ካይስተር አጠገብ ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ የአንዲት የሮማ ከተማን መንገዶች በማሳ ላይ አሳይቷል። የሰፈሩን መልክ ማሳው ቢያሳይም፣ ነዋሪዎቹን የሚያሳየው ቁፋሮ ብቻ ነው።

በፌንስታንተን በአምስት አነስተኛ መቃብሮች የ40 ያህል አዋቂዎችና የ5 ሕፃናት አጽም ተገኝቷል። ብዙዎቹ የጥርስ በሽታና የአጥንት ስብራት ነበረባቸው።

ከእነዚህ አንዱ ሲሞት ዕድሜው ከ25 እስከ 35 የሚገመት ወንድ ነው። በራዲዮካርቦን ምርመራ መሠረት የሞተው ከ130 እስከ 360 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሚስማሩ በቁፋሮው ወቅት አልታየም፤ የታየው አጥንቱ ከጭቃ ሲታጠብ ነው። የቀኝ ተረከዙን ከጎን ወደ ጎን በስቶ አልፏል። አጠገቡ ሌላ ያልዘለቀ ቀዳዳ ስላለ፣ ሚስማሩ በመጀመሪያው ምት አልገባም ተብሎ ይታሰባል። የቅልጥሙ አጥንቶች መቁሰልም ሰውዬው ለረጅም ጊዜ በእግር ብረት ታስሮ እንደነበር ያመለክታል።

ስቅላት በሮማ ግዛት በባሪያዎችና በዐመፀኞች ላይ በብዛት ይፈጸም የነበረ ቅጣት ቢሆንም፣ በአጥንት ላይ የቀረ ማስረጃው እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ በገመድ ይታሰሩ ነበር፤ ሚስማርም ቢሆን ከሞት በኋላ ይነቀል ነበር፤ የተሰቀለ ሰው በወግ የሚቀበረውም አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ሚስማሩ ተረከዙ ውስጥ እንዳለ የተገኘው ታዋቂ አጽም በ1968 ከኢየሩሳሌም የወጣው ነው።

የፌንስታንተኑ ሰው ግን በሌሎቹ መካከል ነው የተቀበረው። በዙሪያው 12 ሚስማሮች ስለተገኙ በሳንቃ ላይ ተጋድሞ ሳይቀበር አልቀረም። የዘረመል ምርመራው የአገሩ ተወላጅ መሆኑን፣ በአጠገቡ ከተቀበሩት ጋር ግን የሥጋ ዝምድና እንዳልነበረው አሳይቷል።