አሶሳ ሄዶ ለመኖር የማን ፈቃድ ያስፈልጋል?

አጭሩ መልስ፦ የማንም። ረጅሙ ግን ትንሽ ይወሳሰባል፤ ዛሬ እሱን እናያለን።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ ውስጥ በመረጠው ቦታ የመዘዋወርና መኖሪያ የመመሥረት ነፃነት እንዳለው ይናገራል። በሕጋዊ መንገድ ሀገር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋም እዚሁ አንቀጽ ውስጥ ተካቷል። አንቀጽ 41 ደግሞ በመረጡት ሥራ የመተዳደር መብትን ይጨምርበታል። ስለዚህ ከደሴ ተነስቶ አሶሳ ላይ ፀጉር ቤት የሚከፍት ልጅ፣ ከነቀምቴ መጥታ ባምባሲ ላይ በነርስነት የምትቀጠር ልጅ "እባካችሁ አስገቡኝ" ማለት አይጠበቅባቸውም።

ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ቀበሌ በር ላይ ነው። አዲስ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛ ማለት ግን "እዚህ ነበር፣ አሁን ወጥቷል" የሚል ወረቀት እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ፋይዳስ? በ2015 ዓ.ም በወጣው አዋጅ 1284 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ማን እንደሆናችሁ ያረጋግጣል። የዜግነት ማስረጃ አይደለም፣ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆናችሁም አይመሰክርም። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በ1995 ዓ.ም ያሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2፣ በክልሉ ሌሎች ሕዝቦች እንደሚኖሩ እውቅና ይሰጥና የክልሉ ባለቤቶች ግን በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ እና ኮሞ ናቸው ይላል። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ በርታ ሩብ ያህል፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው 21 በመቶ ገደማ፣ ኦሮሞ 13 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ትናንት የመጡ አይደሉም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ደርግ ከወሎ አምጥቶ አሶሳና መተከል ያሰፈራቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚያው ተወልደው አድገዋል። ግን ዛሬም "ሰፋሪ" የሚላቸው አይጠፋም።

በሌላ በኩል የባለቤትነቱ ጥያቄ ከባዶ የመጣ አይደለም። እነዚህ ሕዝቦች ለረጅም ዘመን በባርያ ንግድ የተጎዱ፣ ከመንግሥት ሥልጣንም የራቁ ነበሩ። ቁጥራቸው ትንሽ የሆነ ሕዝብ በገዛ ቀዬው ድምፁ እንዳይዋጥ መስጋቱ የሚገባ ነገር ነው። ጥያቄው ይህ ስጋት የጎረቤትን መብት እስከ የት ሊገድብ ይችላል የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በወረቀት ላይ መልስ ያገኘበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ወጣቶች ብዙም ሲያወሩበት አንሰማም። በ1992ቱ ምርጫ በክልሉ በዕጩነት የቀረቡ የሌላ ብሔር ተወላጆች የበርታን ቋንቋ አይናገሩም ተብሎ ተቃውሞ ቀረበባቸው። የጊዜው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ 111/1987፣ ዕጩ የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ እንዲያውቅ ያዝ ነበር። ምርጫ ቦርድ ይህን ይዞ ከውድድር አገዳቸው፤ እነሱም አቤቱታቸውን ፌዴሬሽን ምክር ቤት አደረሱ። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም ሲወስን፣ ዕጩ ቋንቋ ይወቅ መባሉ በራሱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ፤ ምክንያቱም ተመራጩ ምክር ቤት ገብቶ መነጋገር አለበት። ነገር ግን የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አማርኛ የሚችልን ሰው የአካባቢውን ቋንቋ አልቻልክም ብሎ ማገድ ልክ አልነበረም።

በእኛ እይታ ውሳኔው ጥሩ ነበር፣ ግን ዘግይቷል። የታገዱበት ምርጫ ካለፈ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር! ዛሬ ለመምረጥ የሚጠየቀው ዜግነት፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ነው።

መብቱ ወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን አላዳነም። በ2005 ዓ.ም ከካማሺ ዞን በሺዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ተፈናቅለው፣ ኋላ ላይ ክልሉ ስህተት መሆኑን አምኖ እንዲመለሱ ተደረገ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ደግሞ በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በመተከል በነበሩት ግጭቶች ጉሙዞችም ሺናሾችም ሞተዋል፣ ተሰደዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን እንዴት አደረገው? እዚያ ጉዳዩ በሀገራት መካከል ነው። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ጣሊያናዊ ፈረንሳይ ገብቶ ሦስት ወር በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ብቻ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ለመቆየት ሥራ ወይም ራሱን የሚያስተዳድርበት ገንዘብና የጤና መድን ያስፈልገዋል። አምስት ዓመት ከኖረ ቋሚ ነዋሪ ይሆናል። በከተማው ምክር ቤት ምርጫ ይመርጣል፣ ይወዳደራልም፤ ፕሬዚዳንት ግን አይመርጥም። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ የአውሮፓ ዜጋ ባይሆኑም አብረውት የመኖር መብት አላቸው። ውጭ ላሉ ቤተሰቦቻችን አንድ ነገር፦ ጀርመናዊ አግብታችሁ አብራችሁ ፈረንሳይ ብትኖሩ ይህ መብት ይመለከታችኋል፤ እዚያው ጀርመን ከሆናችሁ ግን በአብዛኛው የጀርመን የራሱ ሕግ ነው የሚሠራው።

አሶሳ ዙሪያ ደግሞ ሌላም ነዋሪ አለ። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፤ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከተነሳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ገብቷል። የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 የመዘዋወርና መኖሪያ የመምረጥ ነፃነትን ይሰጣል፣ የትዳር ጓደኛንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችንም ያካትታል። ነገር ግን መንግሥት የሚኖሩበትን ቦታ ሊወስን እንደሚችልም ይላል፤ ስለዚህ በተግባር ከመጠለያ ወጥቶ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በትውልዳችሁ ምክንያት መታወቂያ ወይም ሥራ ከተከለከላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቃል በአየር ላይ ይቀራል፣ ወረቀት ግን ለይግባኝ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሶሳ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ የሚቀበለውም በነፃ ነው።