በጃምቢያኒ ባሕር ዳር ረጋ ብሎ ስለ መሰንበት

ከብዙ ጊዜ ሥራ በኋላ የዕረፍት ፈቃድ ያገኘ ሰው ዕረፍቱን ራሱን እንደ መሥሪያ ቤት ሥራ የሚያደርግበት ጊዜ ብዙ ነው። በዐሥራ አምስት ቀን አምስት ከተማ ለማየት ያስባል፤ ሻንጣውን ሲያስርና ሲፈታ ሰንብቶ ከሄደበት ቀን ይልቅ ደክሞ ይመለሳል። በባሕር ዳር መንደር ረጋ ብሎ ለመሰንበት የሚፈልግ ግን አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይኸውም የዚያ አገር ቀን የሚታዘዘው ለእንግዳው ሳይሆን ለባሕሩ መሆኑ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነው ጃምቢያኒ የምትባለው መንደር ናት። እርስዋም በዛንዚባር ዋና ደሴት በኡንጉጃ፥ በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ፥ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነጭ አሸዋ ላይ ተዘርግታለች። ከፊት ለፊትዋ በባሕሩ ውስጥ ዛጎላማ ዐለት እንደ ቅጥር ቆሟል፤ ታላቁ ሞገድ በዚያ ላይ ተሰብሮ ስለሚቀር፥ ከዐለቱ ወዲህ ያለው ውሃ ጥልቀት የሌለውና የረጋ ነው።

ይህ ውሃ በየቀኑ ኹለት ጊዜ ይሞላል፥ ኹለት ጊዜም ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትሠርቅና ሙሉ ስትሆን የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። በእነዚህ ቀኖች ውሃው ረፋዱ ላይ ወደ ዐለቱ ስለሚሸሽ፥ ለመዋኘት የመጣው እንግዳ በባሕር ፈንታ አሸዋና ሣር ያያል። ያላወቀ ሰው ተታለልሁ ብሎ ያማርራል፤ ያወቀ ግን ዋናውን ወደ ዐሥር ሰዓት ያደርገዋል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው አበቅቴውን ከሕጸጹና ከዕለቱ ጋራ ደምሮ የጨረቃን ሌሊት ማውጣት አያቅተውም፤ ነገር ግን ከዘመን ብዛት የተነሣ ስሌቱ ከምትታየው ጨረቃ ጥቂት ቀኖች ስለሚዘገይ፥ ለዚህ ጉዳይስ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ማየት ይሻላል።

ውሃው የሚሸሽበት ሰዓት ለመንደሪቱ ሴቶች የሥራ ሰዓት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 ዓመት ጀምሮ በዚህ ጠረፍ የባሕር ሣር ለንግድ ይተከላል። ሴቶቹ በአሸዋው ላይ ካስማ ተክለው፥ በመካከሉ ገመድ ወጥረው፥ የሣሩን ቍራጭ በገመዱ ላይ ያስራሉ፤ ስድስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ሲያድግ ለቅመው በፀሐይ ያደርቁታል፥ ይሸጡታልም። ከርሱ የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስ ክሬም ውስጥ ይገባል። ዋጋው የሚበልጠው የሣር ዓይነት ግን ባሕሩ እየሞቀ ስለ ሄደ፥ በዚህ ጥልቀት በሌለው ውሃ እየታመመ ይጠፋል። ወደ ጥልቁ ወስዶ ለመትከል ጀልባና ዋና ያስፈልጋል፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ ዋና አያውቁም። ስለዚህ ርካሹን ዓይነት ይዘው፥ በዚያው ድካም ጥቂት ገንዘብ ያገኛሉ። እንግዳው ጸጥታ ብሎ የሚጠራው ነገር ለእነርሱ ወገብ ጐንበስ ብሎ የሚዋልበት ጊዜ ነው። በካስማዎቹ መካከል ሲሄድ ገመዱን እንዳይረግጥ፥ ሳያስፈቅድም ፎቶግራፍ እንዳያነሣ ይገባዋል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባድ ዝናም ስለሚዘንም ያን ጊዜ መሄድ አይመከርም። በኢትዮጵያ ክረምቱ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ግን በዚያ የደቡብ ነፋስ የሚነፍስበት ደረቅ ወራት ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የብጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2024 ዓመት ጀምሮም ደሴቲቱ ከውጭ አገር እንግዳ የጉዞ መድን ትጠይቃለች። ሕዝቡ ከጥቂቶች በቀር እስላም ስለ ሆነ፥ በመንደሩ ውስጥ ትከሻንና ጕልበትን መሸፈን፥ በረመዳንም ቀን በአደባባይ አለመብላት የጨዋ ሥራ ነው። የሚጾም ክርስቲያን ደግሞ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝና ባቄላ አያጣም፤ የዓሣው ነገር ለመምህራኑ ክርክር ይቆይ።

በሰዓት ቈጠራ ኢትዮጵያዊው ከሌላው እንግዳ ይልቅ ይቀለዋል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እርሱ ሰዓትን የሚቈጥሩት ከንጋት ጀምረው ስለ ሆነ፥ «ሣአ ሞጃ» ሲሉት የጧቱን አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። ምሳውንም በዚያው ሰዓት ማዘዝ ይበጀዋል፤ በትንንሾቹ ቤቶች ዓሣው የሚገዛው ጀልባዎቹ ሲመለሱ ነውና።