ተጎታች ቤታችን ለምን አፈሰሰ? እንዴትስ ተደፈነ?

በ2011 ዓ.ም. ባቀረብነው የሒሳብ መግለጫ ውስጥ «ለማጣበቂያ፣ ለላስቲክና ለጣውላ» የሚል ወጪ ተመልክታችሁ፣ «ለዘር እህል የሰጠነው ገንዘብ ማጣበቂያ የገዛው ለምንድን ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ነበራችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የሰጠነው መልስ ግን አጭር ነበር። አሁን በሌላ ወረዳ የሚያገለግሉ ባልንጀሮቻችን እንደኛው ያለ አሮጌ ተጎታች ቤት ሊረከቡ መሆናቸውን ስለሰማን፣ የደረሰብንን ሳንደብቅ በዝርዝር ለመጻፍ ወደድን።

ድብ ባሕር ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ የሚያገኛት መንደር ናት። በ2010 ዓ.ም. በዚያ ለዘር እህል ማስቀመጫ የሚሆን ቤት ስላልነበረን፣ ቀድሞ የመንገድ ሠራተኞች ያድሩበት የነበረ ተጎታች ቤት ተሰጠን። ርዝመቱ 6 ሜትር ሲሆን አጥንቱ እንጨት፣ ልብሱ የአሉሚኒየም ላሜራ ነው። አይጥ አይገባውም፣ ምስጥ አይደርስበትም፤ በዚህ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ሲወርድ ያረጁት መጋጠሚያዎቹ እንደ ላሉ አላስተዋልንም።

ያስቀመጥንበት የሽምብራ ዘር ነበር። ገበሬ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። ስለዚህ ዘሩ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን በጎተራ መክረም አለበት ማለት ነው። ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠበቅ ዘር በዝናብ ከተበላሸ ደግሞ በመስከረም የሚተካው የለም።

ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በጣራው ላይ ስንጥቅ ባየንበት ሁሉ ሬንጅ አፈሰስንበት፤ በመስኮቶቹም ዙሪያ ሲሊኮን ቀባን። ሥራው ግማሽ ቀን ብቻ ስለፈጀ ተመሰጋገንን። በሐምሌ ወር አጋማሽ በሩን ስንከፍት ግን ሰባት ጆንያ ሽምብራ ርሶ፣ ከሥር ያሉት አብቅለው አገኘናቸው። ሰባት ጆንያ! ዘሩን ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ባል የሞተባቸው እናቶች ነበሩበት፤ ለእነርሱ መናገሩ ከባድ ነበር።

ስሕተታችን ምን ነበር? በመጀመሪያ፣ ውሃው ያንጠባጠበበትን ቦታ የገባበት ቦታ አድርገን ቆጠርነው። ጆንያዎቹ ከኋለኛው መስኮት ሥር ስለራሱ ጥፋቱን ሁሉ በመስኮቱ ላይ ጣልን። ዘበኛችን በዕድሜ የገፉ፣ በወጣትነታቸው ብዙ የሣር ክዳን የከደኑ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ውሃ እንደ ሌባ ነው፤ በገባበት አይወጣም፤ እስቲ ከታች ጀምራችሁ አጠጡት» አሉን። ትእዛዛቸውን ተቀብለን አንዳችን ውስጥ ባትሪ ይዘን ተቀመጥን፤ ሌላችን ከውጭ በባልዲና በጆግ ውሃ አፈሰስን። መጀመሪያ ከመስኮቱ በታች፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ከዚያም ከመስኮቱ በላይ፣ በየቦታው አሥር አሥር ደቂቃ እየቆየን ወደ ላይ ወጣን። ከላይ ቢጀመር ውሃው ሁሉንም አርሶ ስለሚወርድ የቱ እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ተራው የፊተኛው ጣራ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ውስጥ ያለው ወንድማችን ጮኸ። ውሃው ከፊት ገብቶ በጣራው እንጨት ላይ እየሄደ፣ አራት ሜትር ያህል ተጉዞ ነበር በመስኮቱ በኩል የሚወርደው።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው። በመስኮቱ ክፈፍ ግርጌ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እኛም የዝገት ቀዳዳ መስለውን በሲሊኮን ደፈንናቸው። እነዚህ ቀዳዳዎች ግን በመስተዋቱ ጠርዝ ሾልኮ ወደ ክፈፉ የገባ ውሃ ወደ ውጭ እንዲፈስ ሆን ተብለው የተተዉ ነበሩ። መውጫ ሲያጣ ክፈፉን ሞልቶ ወደ ውስጥ ገለበጠው። የመስኮት ላይኛውና ጎንና ጎኑ ይደፈናል፤ መፍሰሻው ግን ይተዋል።

የዚህ ዐይነት ስሕተት በእኛ አልተጀመረም። ጎንደር ከተማ የሚገኙት የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ ከፊሎቹ በሲሚንቶ ተጠገኑ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ደረቅ ነው፤ በአሮጌ ግንብ ውስጥ ያለውንም እርጥበት መውጫ ይነሣዋል። በኋላ በተካሄደው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ እንደገና በኖራ እንዲተካ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ለግንብ የሆነው ለተጎታች ቤትም ሳይሆን አልቀረም።

ሬንጁስ ለምን ከዳን? አሉሚኒየም በፀሐይ ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ላሜራ በቀንና በሌሊት መካከል የራሱ ሙቀት በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢለዋወጥ 4 ሚሊሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ሥሩ ያለው እንጨት ግን አብሮት አይሄድም። ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ የሚደረገው ነገር አብሮ የሚሳብ መሆን ይገባዋል። ሬንጅ በቀን ቀልጦ ይወርዳል፣ በሌሊት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስቱኮም እንዲሁ ይፈረካከሳል።

በ2011 ዓ.ም. በጋ ሥራውን እንደገና ጀመርን። ከላይ መቀባቱን ትተን መስኮቶቹን ፈትተን አወጣናቸው። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ግማሾቹ ተሰበሩ። የቀደመውን ሲሊኮን በእንጨት መፋቂያ እየላጥን፣ የቀረውንም በጨርቅና በአልኮል እየጠረግን ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀን። ይህን የምናነሣው ለማማረር አይደለም፤ የሲሊኮን ቅሪት ባለበት ላይ ሌላ ማጣበቂያ፣ አዲስ ሲሊኮንም ቢሆን፣ በደንብ አይዝም። ቸኩሎ ሲሊኮን የቀባ ሰው ለሚመጣው ጠጋኝ ዕዳ ያቆይለታል፤ እኛም ለራሳችን አቆየን። ብረት መፋቂያ እንዳትጠቀሙ፤ አሉሚኒየሙን ይቧጭረዋል።

ከዚያ እንጨቱን በወስፌ ወጋ ወጋ አድርገን መረመርን። ወስፌው ያለ ድካም ከገባ እንጨቱ በስብሷል ማለት ነው፤ በስብሶ ያለውን ሸፍኖ መዝጋት ደግሞ ከንቱ ነው። የበሰበሰውን ቆርጠን በደረቀ የጽድ ጣውላ ተካነው።

መስኮቱን መልሰን የገጠምንበት ማጣበቂያ ቡቲል ይባላል። እንደ ፕላስተር ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ለብዙ ዓመታት ሳይደርቅ እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ የላስቲክ ዐይነት ነው። የመኪና መስተዋት የሚገጥሙ ሠራተኞች ያውቁታል። እኛ የተጠቀምንበት ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ነበር። በክፈፉ ጀርባ ዙሪያውን ለጠፍነው፤ ጫፍና ጫፉ የሚገናኘውም በላይ በኩል ሳይሆን በግርጌ እንዲሆን አደረግን። አዲሶቹን ብሎኖች ከቀድሞዎቹ ትንሽ ወፈር አድርገን፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያፈራረቅን፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅን። በአንድ ጊዜ ከተጠበቀ ቡቲሉ በአንድ ወገን ሁሉ ይወጣል። በማግስቱ እንደገና ጠበቅ አድርገን በጠርዙ የተረፈውን ቆረጥን። የጣራውን መጋጠሚያም እንዲሁ ሬንጁን ፍቀን፣ የላላውን ሪቬት ለውጠን፣ ፀሐይ የሚችል የፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ አለበስነው። ሲሊኮን በዚህ ቦታ አልገባም።

የቆርቆሮ ቤት ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ፣ ምስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አለመሆኑን ልብ በሉ። ከምስማሩ ራስ ሥር የሚደረገው ጎማ ከደረቀም ይለወጥ፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ አድርጎ ቆርጦ መተካት ይቻላል።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ሁሉን ደፍነን ከጨረስን በኋላ፣ ጠብታ ዝናብ ባልነበረበት ሌሊት ጣራው ከውስጥ ርሶ አደረ። ደንግጠን እንደገና ልንፈታው ነበር። ነገሩ ፍሳሽ ሳይሆን ላብ ነበር፤ የውስጡ አየር እርጥበት የቀዘቀዘውን ላሜራ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። እንግዲህ ያለ ዝናብ ከራሰ ማጣበቂያ አትግዙ፤ አየር የሚዘዋወርበት መንገድ ክፈቱ። እኛ በሁለቱ ጫፍ ወንፊት ሽቦ የተመታበት የአየር መግቢያ አወጣን፤ ጆንያዎቹንም በእንጨት ርብራብ ላይ ከግድግዳው አንድ ክንድ አራቅናቸው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ዘበኛችን ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ባትሪ ይዘው እየገቡ በመዳፋቸው ግድግዳውን ይዳብሱ ነበር። በጳጉሜን ጆንያዎቹ ሲወጡ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ፍሬ ወስደን በርጥብ ጨርቅ ጠቀለልን፤ በአምስተኛው ቀን አብዛኛው አጎነቆለ። ዘሩም ለባለቤቶቹ ታደለ። የበሩ የላይኛው ማጠፊያ አጠገብ ግን አሁንም ትንሽ ያዣል፤ እዚያ ሥር ጆንያ አናስቀምጥም።